የሣቅ ባለዕዳ

በብሪታንያ ምድር መቋጫ ያልተገኘለት አንድ ክርክር አለ። ክርክሩ በመጠጥ ቤቶች፣ በጋዜጦች የባህል ዐምዶችና በየቤተሰቡ ማዕድ ዙሪያ ይካሄዳል። «ሲትኮም» በመባል የሚታወቀውን አሥቂኝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ተውኔት ከጻፉት ደራስያን መካከል ከሁሉ የላቀው ማን ነው? የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2000 የባለሙያዎችን ድምፅ ሰብስቦ የአገሪቱን መቶ ታላላቅ የቴሌቪዥን ሥራዎች በደረጃ ሲያስቀምጥ፣ በአንደኛነት የተመረጠው የጆን ክሊዝና የኮኒ ቡዝ «ፎልቲ ታወርስ» ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት ዓመት በኋላ ቢቢሲ ተመልካቹን ሕዝብ ስለ አሥቂኝ ተውኔቶች ብቻ ለይቶ ሲጠይቅ ግን ያው ሥራ ወደ አምስተኛ ደረጃ ወረደ፤ አንደኛ የወጣውም የጆን ሰሊቫን «ሞኝና ፈረስ ብቻ» ሆነ።

ባለሙያው አንድ ፈረደ፤ ሕዝቡ ሌላ ፈረደ። ከዚህ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ማን ትክክል ነው የሚለው ሳይሆን፣ ዳኞቹ በምን ሚዛን መዘኑ የሚለው ነው። ሣቅ በመጠን ብቻ የሚለካ ከሆነ ክርክሩ ሳይጀመር አልቋል፤ ብዙ ያሣቀ በለጠ ማለት ነው። ነገር ግን ሰው በባዶ አይሥቅም። ከሣቁ በስተጀርባ የተሣቀበት ሰው አለ። ለዚያ ሰው ጸሐፊው ምን ዕዳ አለበት? ሣቁስ ጸሐፊው ወዳላሰበው ወገን ቢሄድ ባለዕዳው ማን ነው? የላቀው ጸሐፊ ማን እንደሆነ መናገር የሚቻለው ይህ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ጥያቄው ለዚህ የተውኔት ዘርፍ በተለይ የሚገባበት ምክንያት አለ። በአሜሪካ ተመሳሳዩ ሥራ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በተሰበሰቡ በርካታ ጸሐፊዎች ነው። በብሪታንያ ግን የቆየው ልማድ አንድ ጸሐፊ ወይም ሁለት፣ በአንድ ዙርም ስድስት ወይም ሰባት ክፍል፣ እያንዳንዱም ክፍል ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሥራው የእገሌ ነው ይባላል፤ የእገሌ ከተባለ ደግሞ ምስጋናውም ወቀሳውም አድራሻ አለው። ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታ ጠባብ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ሆቴል፣ ወይም አንድ የእስር ቤት ክፍል። ገጸ ባሕርያቱ ከዚያ መውጣት ይሻሉ፤ አይችሉም። ተመልካቹ በሳምንቱ ሲመለስ እዚያው ያገኛቸዋል። የጥንቱ የግሪክ አሳዛኝ ተውኔት ሰው ከአማልክት ፍርድ እንደማያመልጥ ሲያሳይ፣ ይህኛው ሰው ከኪራይ ቤቱ፣ ከአባቱና ከአነጋገሩ ዘዬ እንደማያመልጥ ያሳያል። በብሪታንያ የአነጋገር ዘዬ የመደብ መታወቂያ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ሰው አፉን ሲከፍት የተወለደበት ሰፈር፣ የተማረበት ትምህርት ቤትና የአባቱ ሥራ አብረው ይሰማሉ።

ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚጋጋለው በጆኒ ስፔይት ላይ ነው። ስፔይት በ1920 በምሥራቅ ለንደን፣ በካኒንግ ታውን ሰፈር፣ ከወደብ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ1965 በሙከራ መልክ ቀርቦ ከ1966 እስከ 1968፣ ቀጥሎም ከ1972 እስከ 1975 በቢቢሲ የታየው «ሞት እስኪለየን ድረስ» የተሰኘው ተውኔቱ አልፍ ጋርኔት የተባለውን ሰው ወለደ። አልፍ በቴምዝ ወንዝ ዳር በዋፒንግ ሰፈር የሚኖር የወደብ ሠራተኛ ነው። ድሃ ሆኖ ሳለ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደጋፊ፣ የንጉሣዊው ቤተሰብ አምላኪ ነው፤ ጥቁሩን፣ አይሁዱን፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ይጠላል። ሴትን ይንቃል፤ ወጣትን ይረግማል። በአንድ ጣራ ሥር አብረውት የሚኖሩት ሚስቱ ኤልስ፣ ልጁ ሪታና የሪታ ባል ማይክ ናቸው። ማይክ የሊቨርፑል ሰው፣ ጠጉሩን ያስረዘመ፣ ሶሻሊስት ነኝ ባይ ወጣት ነው።

የስፔይት ዓላማ ግልጽ ነበር። ጥላቻን አደባባይ አውጥቶ ዕርቃኑን ሊያሳይ፣ ሰውም ሥቆበት እንዲጠየፈው ሊያደርግ ፈለገ። አልፍን የፈጠረው ኅብረተሰቡ እንደሆነ፣ የእርሱ ድርሻ ማጋለጥ ብቻ እንደነበረም ይከራከር ነበር። አልፍን ሆኖ የተጫወተው ዋረን ሚቸልም አይሁዳዊና ለግራው ወገን የሚያደላ ሰው ነበር። ሚቸል ደጋግሞ ያወራው አንድ ገጠመኝ አለ። አንድ ተመልካች ቀርቦ፣ ጥቁሮቹን ልክ ስላስገባሃቸው ደስ ብሎኛል ይለዋል። ሚቸልም፣ ልክ ልናስገባ የሞከርነውስ እንዳንተ ያሉትን ጅሎች ነው ሲል ይመልስለታል። መልሱ ያስደስታል። ገጠመኙ ግን የአሸናፊነት ማስረጃ አይደለም። ሰውዬው የሠራተኛ ሰፈሩን ሳሎን አይቷል፣ የአልፍን ሽንፈት አይቷል፣ ከልቡ ሥቋል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይዞት የሄደው ይዞት የመጣውን ጥላቻ ነው።

ይህ የአንድ ሰው መሳት ነው እንዳይባል ሌላ ማስረጃ አለ። ተውኔቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከ1971 ጀምሮ በሌላ ስም፣ አርቺ በንከር በሚባል ገጸ ባሕርይ ሲቀርብ፣ ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካና በካናዳ ተመልካቾች ላይ ጥናት አድርገው ውጤቱን በ1974 አሳተሙ። ዘረኛ ስሜቱ የጠነከረ ተመልካች አርቺን የማድነቅ ዝንባሌ ነበረው፤ የተሣቀበት እርሱ መሆኑንም እምብዛም አላስተዋለም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቃል በአንድ ጊዜ ይሥቃሉ፤ ሣቃቸው ግን ሁለት ነው።

በሚያዝያ 1968 ኢኖክ ፓወል የተባለው የፓርላማ አባል በስደተኞች ላይ ያነጣጠረውን ንግግር ባደረገ በሦስተኛው ቀን፣ የለንደን ወደብ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው እርሱን በመደገፍ ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። በተውኔቱ ዓለም የአልፍ ባልደረቦች ማለት ናቸው። ተውኔቱ ያን ሰልፍ አመጣው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአልፍ መሣቅ ግን ሰልፉን አላስቀረውም።

ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው? በየክፍሉ አልፍ ይሸነፋል። ክርክሩን ይረታል፤ ገንዘቡን ይነጠቃል፤ ይዋረዳል። ጸሐፊው ፍርዱን በሚገባ ሰጥቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በመድረክ ላይ እውነተኛው ፍርድ በማን መሸነፍ አይታወቅም። የሚታወቀው ቋንቋው ለማን በመሰጠቱ ነው። ስፔይት ለአልፍ ያን የምሥራቅ ለንደን አንደበት በሙሉ ሰጠው፤ ስድቡን፣ ምሳሌውን፣ እንደ ጎርፍ የሚወርደውን ንዴት። ለማይክ የሰጠው ግን ትክክለኛ አቋምና ደረቅ መፈክር ነው። ማይክ እውነት ይናገራል፤ ግን የአማቱን እንጀራ እየበላ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ከጋዜጣ የቃረመውን ነው የሚናገረው። ሕይወት ያለው በተሳሳተው ሰው አፍ ውስጥ ነው። የተመልካች ፍቅር ደግሞ ሁልጊዜ ሕይወት ወዳለበት ይሄዳል። ትክክለኛውን ሐሳብ ለትክክለኛው ገጸ ባሕርይ በማሸከም ብቻ ግዳጁን የተወጣ የሚመስለው ጸሐፌ ተውኔት ከማይክ ጋር አንድ ምሽት ቢቀመጥ ብዙ ይማራል።

ለስፔይት አንድ ነገር ሊቆጠርለት ይገባል። አልፍን በእውነት የምታሸንፈው ልጁም አማቹም አይደሉም፤ ሚስቱ ኤልስ ናት። ዳንዲ ኒኮልስ የተጫወተቻት ይህች ሴት ጥቂት ቃላት ብቻ አሏት። ባሏ ስለ ግዛተ አፄው ክብር ሲፎክር ዝም ብላ ታየውና ስለ አንድ ተራ የቤት ጉዳይ ትጠይቀዋለች፤ ንግግሩ እንደ ፊኛ ይተነፍሳል። ስፔይት ይህን መንገድ ተከትሎ ቢሄድ ኖሮ ምናልባት ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። የሄደበት ግን ሌላ ነው። በ1969 በጻፈው ተውኔት ስፓይክ ሚሊጋን ፊቱን ቡናማ ተቀብቶ ከፓኪስታን የመጣ ሠራተኛ ሆኖ ቀረበ፤ ሥራውም ከስድስት ክፍል በኋላ ተቋረጠ። እዚያ የተሣቀበት ዘረኛው ነው ብሎ መከራከር ይበልጥ አዳጋች ነበር።

በተቃራኒው ጫፍ የቆሙት አንተኒ ጄይና ጆናታን ሊን ናቸው። «እሺ፣ ክቡር ሚኒስትር» ከ1980 እስከ 1984፣ ተከታዩ «እሺ፣ ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር» ደግሞ ከ1986 እስከ 1988 ታዩ። ጂም ሃከር የተባለ ፖለቲከኛ የአስተዳደር ጉዳዮች ሚኒስቴር በተባለ፣ በእውኑ ዓለም በሌለ መሥሪያ ቤት ይሾማል። ሚኒስትር ይመጣል፣ ሚኒስትር ይሄዳል፤ ከፍተኛው ቋሚ ባለሥልጣን ሰር ሃምፍሪ አፕልቢ ግን ከወንበሩ አይነቃነቅም። ሚኒስትሩ አንድ ነገር ልሥራ ሲል ሰር ሃምፍሪ እምቢ አይልም። ኮሚቴ ይቋቋም ይላል፤ ጥናቱ ይስፋ ይላል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ጊዜው ግን አልደረሰም ይላል። ካስፈለገም መግቢያው እንጂ መውጫው የማይታወቅ ዐረፍተ ነገር እየጠመዘዘ፣ ሚኒስትሩ የጠየቀውን ራሱ እስኪረሳ ድረስ ያናግረዋል። በ1981 በታየ አንድ ክፍል፣ አምስት መቶ የአስተዳደርና የአገልግሎት ሠራተኞች የተቀጠሩበት፣ አንድም በሽተኛ ግን የሌለበት አዲስ ሆስፒታል አለ፤ በአገሪቱ በጥሩ ሁኔታ ከሚተዳደሩት ሆስፒታሎች አንዱ መሆኑም ለሚኒስትሩ በቁም ነገር ይገለጽለታል። አንድ ፋይል ፍለጋ ሦስት ቀን ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ይህን ቀልድ ለመረዳት የእንግሊዝ ዜግነት አያሻውም።

በቋንቋ ጥበብ ረገድ ሁለቱን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በጥር 1984 የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ሜሪ ዋይትሃውስ የተባሉት የሥነ ምግባር ተቆርቋሪ፣ ቀደም ሲል የአልፍን ስድብ አጥብቀው የተቃወሙት ሴት፣ የሚመሩት የተመልካቾችና የአድማጮች ማኅበር ለተውኔቱ ሽልማት ሰጠ፤ በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይም ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ከሁለቱ ዋና ተዋንያን ጋር ሆነው አጭር ትዕይንት ተጫወቱ። የአገር መሪ በመንግሥት ላይ በሚያላግጥ ተውኔት ደስ ብሏቸው ሲጫወቱ ሃያሲ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ የሚሠራው ለሕዝብ ሳይሆን ለራሱ ጥቅም ነው የሚለው የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ በተውኔቱ ውስጥ መግባቱን ጄይ ራሱ ተናግሯል፤ የመንግሥትን ድርሻ ለማጥበብ ለተነሣ ፖለቲካ ይህ ምቹ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ገለልተኛ ነው ማለት ግን አይቻልም።

የቋንቋውን ጥያቄ እዚህም ቢያነሡት መልሱ ግልጽ ነው። ቋንቋው በሙሉ የገዥዎች ነው። ሚኒስትሩ ይናገራል፣ ሰር ሃምፍሪ ይናገራል፣ በመካከላቸው የተሰነገው ወጣቱ ጸሐፊ በርናርድ የሰዋስው እርማት ይሰጣል። በሽተኛ በሌለበት ሆስፒታል ቀልድ ውስጥ፣ አልጋ ጠፍቶ በሌላ ስፍራ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ድምፅ የለውም። ተመልካቹ ከበር ውጪ ቆሞ በቁልፍ ቀዳዳ ገዥዎቹን ያያል፤ ይሥቃል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የበላይ የሆነው ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

«ፎልቲ ታወርስ» በ1975 እና በ1979 የታዩ አሥራ ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። እንደ ጥሩ ሰዓት የተገጣጠሙ ናቸው፤ አንዲት ጥርስ ብትወድቅ ሁሉም ይቆማል። ባለሙያዎቹ አንደኛ ማድረጋቸው አያስደንቅም። ባዚል ፎልቲ በቶርኪ ከተማ አነስተኛ ሆቴል አለው፤ የሚመኘው ግን እንግዶቹ መኳንንት እንዲሆኑለት ነው፤ ያን ምኞት ሲያባርር ራሱን በራሱ ያጠፋል። በበላዩ ላይ መጮህ ስለማይችል በበታቹ ላይ ይጮኻል። የበታቹ ከባርሴሎና የመጣው አስተናጋጅ ማኑኤል ነው። ማኑኤል እንግሊዝኛ አይችልም፤ በማንኪያ ይመታል፣ ይጎተታል። እርግጥ ነው ክሊዝና ቡዝ የባዚልን ትምክሕት ጥሩ አድርገው አጋልጠዋል። ባዚል ማኑኤል የማይገባው የተማርሁት ክላሲካል ስፓኒሽ ስለሆነ ነው ሲል የሚያዋርደው ራሱን ነው። ቢሆንም የጥፊው ድምፅ የሚሰማው ከማኑኤል ጭንቅላት ላይ ነው። ማኑኤልን የተጫወተው አንድሩ ሳክስ በበርሊን ተወልዶ፣ ናዚዎችን ሸሽቶ ከወላጆቹ ጋር በ1938 ወደ ብሪታንያ የገባ፣ እንግሊዝኛን በስደት የተማረ ሰው ነበር። ይህን ማወቅ ሣቁን አያጠፋውም፤ ትንሽ ያከብደዋል እንጂ።

ጂሚ ፔሪና ዴቪድ ክሮፍትም መታለፍ የለባቸውም። በ1968 ጀምረው እስከ 1977 ሰማንያ ክፍል ያቀረቡት «የአባባ ጦር» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለግንባር ያልበቁ ሽማግሌዎችና ልጆች ከናዚ ወረራ አገር ሲጠብቁ ያሳያል። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ካፒቴን፣ ከእርሱ በላይ በሆነ ቤተሰብ የተወለደው የባንክ ጸሐፊ ደግሞ ሳጅን ነው፤ አዛዡ የበታቹን የመኳንንት አነጋገር በሰማ ቁጥር ይቆስላል። ፔሪ በልጅነቱ በዚያ ሠራዊት ውስጥ አገልግሏል፤ የሚሣቅባቸው ሰዎች የገዛ ጎረቤቶቹ ስለሆኑ ሣቁ ቸር ነው። እነዚሁ ሁለት እጆች በ1974 በቅኝ ግዛት ዘመን ህንድ የሰፈረ የእንግሊዝ ጦርን ሲጽፉ ግን ለዋናው ህንዳዊ አገልጋይ ፊቱን የተቀባ ነጭ ተዋናይ መደቡ። ቸርነቱ አልጠፋም፤ ባሕር ሲሻገር ግን ዐይኑ ደከመ።

ዲክ ክሌመንትና ኢያን ላ ፍሬኔ ከ1974 እስከ 1977 የጻፉት ሥራ ርእሱ «ገንፎ» ነው። ለአማርኛ አንባቢ ገንፎ የአራስ ቤት ምግብ፣ የደስታ ማብሰሪያ ነው፤ በእንግሊዝ የመንደር ቋንቋ ግን ገንፎ በላ ማለት ታሰረ ማለት ነው፤ የእስረኛው ቁርስ ገንፎ ነበርና። በሮኒ ባርከር የተሠራው ፍሌቸር እድሜውን በስርቆት የፈጀ፣ አምስት ዓመት የተፈረደበት ሰው ነው። አብሮት በአንድ ክፍል የታሰረው ጎድበር ገና የመጀመሪያ ቅጣቱን የሚቀበል ወጣት ነው። ጸሐፊዎቹ ሥራውን ሲያዘጋጁ ከቀድሞ እስረኛ የተማሩት አንድ ቁም ነገር አለ፤ እስረኛ የሚኖረው በየቀኑ በሚያገኛት ጥቃቅን ድል ነው፤ አንድ ቁራጭ ሳሙና፣ አንድ የሾለ መልስ፣ ዘበኛው ያላያት አንዲት ሲጋራ።

«አንድ ሌሊት በቤት» ሊባል የሚችለው ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማለት በሚቻል መልኩ ሁለት ሰዎች በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ከማታ እስከ ንጋት የሚያደርጉት ጭውውት ነው። ምንም አይከሰትም። ወጣቱ ግድግዳው እየተጫነው ነው፤ ፍሌቸር ያውቃል፤ ያወቀ መሆኑን ግን አያሳይም። ይሰድበዋል፣ ይቀልድበታል፣ ስለ ቤተሰቡ ያወራል፤ በዚህ ሁሉ ሌሊቱን ያሳልፍለታል። እዚህ ላይ ቋንቋው በመጨረሻ መብቱ ለተገፈፈው ሰው ተሰጠ። ዘበኛው ማካይም ተራ ጨካኝ ሆኖ አልተሣለም፤ እርሱም በዚያው ግንብ ውስጥ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሚዛን «ገንፎ» ከአንደኝነቱ የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር ፍሌቸር እጅግ ብልህ መሆኑ ነው። ብልህ ስለሆነ ተመልካቹ አይፈራለትም።

ስለ ሰሊቫን ሕዝቡ የሰጠው ድምፅ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሰሊቫን የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ፣ በቢቢሲ የመድረክ ዕቃ ሲያመላልስ ቆይቶ ድርሰቱን በራሱ እጅ ለአዘጋጅ ያቀረበ ሰው ነው። የሥራው ርእስ፣ ሠርቶ የሚያድር ሞኝና ፈረስ ብቻ ነው ከሚል አባባል የተወሰደ ነው። በደቡብ ለንደን በፔካም፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም በተሰየመ የመንግሥት ኪራይ ፎቅ የሚኖሩት ዴልና ሮድኒ የተባሉ ወንድማማቾች በሦስት ጎማ መኪና አጠያያቂ ሸቀጥ ይነግዳሉ። ዴል የማያውቀውን ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ይናገራል፤ ለመነሣት የሚመኘው ሰው የሚመኘውን መደብ ቋንቋ አበላሽቶ ሲናገር መስማት ያሥቃልም ያሳዝናልም። በታኅሣሥ 1996 የታየውን ክፍል 24.3 ሚሊዮን ሕዝብ ተመለከተው። በዚያ ክፍል ወንድማማቾቹ ባለጸጋ ሆኑ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፣ ሣቀ። ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሕዝቡ የሣቀባቸው የድህነት ወጥመዶች በአንድ አሮጌ የኪስ ሰዓት የጨረታ ዋጋ ተፈቱ። ይህ ምሕረት ነው፤ ጸሐፊው ለሚወዳቸው ልጆቹ የሰጠው ስጦታ። የተሰጠው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው፤ ፎቁ ላይ የቀሩት ጎረቤቶቻቸው እጣ አልደረሳቸውም።

በእነዚህ ክርክሮች ሁሉ የሴት ስም ሲነሣ እምብዛም አይሰማም፤ ኮኒ ቡዝ እንኳ በክሊዝ ጥላ ሥር ትጠቀሳለች። ካርላ ሌን ከ1978 እስከ 1983 በታየው «ቢራቢሮዎች» ምንም ያልጎደላትና ስለዚህም ማንም የማያዝንላት የአንዲት የቤት እመቤትን መታፈን ጻፈች። ቪክቶሪያ ዉድ ደግሞ ከ1998 እስከ 2000 በማንችስተር በአንድ ፋብሪካ ምግብ ቤት የሚሠሩ ሴቶችን አሥራ ስድስት ክፍል ብቻዋን ጻፈች፤ ቶስት እየጠበሱ የሚናገሩት ቋንቋ ማንም ከበላይ ያላዋሳቸው የራሳቸው ነው። የዉድ ስም ከፊተኞቹ ተርታ ያልተጻፈው በሥራዋ ጉድለት አይደለም።

ወደ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን ሲመጣ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። ሁለቱ የተገናኙት በ1948 በሰሪ አውራጃ በሚልፎርድ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ ነው። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ታማሚዎች ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ሕክምና አንዱ ክፍል ለወራት ተኝቶ መጠበቅ ነበር። መውጣት በማይቻልበት ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር መኖር ምን ማለት እንደሆነ በመጽሐፍ አልተማሩትም። በመጀመሪያ ለቶኒ ሃንኮክ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጻፉ፤ ከዚያም በጥር 1962 «ስጦታው» የተሰኘች፣ ወደፊት «ስቴፕቶና ልጁ» የምትሆን የአንድ ምሽት ተውኔት አቀረቡ። ተከታታዩ ከ1962 እስከ 1965፣ ከ1970 እስከ 1974 ታየ።

አልበርት ስቴፕቶና ልጁ ሃሮልድ በምዕራብ ለንደን በሼፐርድስ ቡሽ በፈረስ ጋሪ እየዞሩ አሮጌ ዕቃና ጨርቅ የሚሰበስቡ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ቢሆን «ቆራሌው» እያሉ የሚዞሩት። ግቢያቸው በሰው ቤት ትርፍራፊ የተሞላ ነው። ሃሮልድ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ያለ፣ ያላገባ፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ጥሩ ሙዚቃና ጥሩ ወይን የሚመኝ፣ ለሌበር ፓርቲ የሚከራከር ሰው ነው። አባቱ ጥርሱ የወለቀ፣ ቆሻሻ፣ ተንኮለኛ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ እንዳይሄድበት የማያደርገው የለም። ጸሐፊዎቹ ሁለቱን የቀልድ ባለሙያዎች ሳይሆን የቁም ነገር ተዋንያን፣ ዊልፍሪድ ብራምቤልንና ሃሪ ኮርቤትን እንዲጫወቱ አደረጉ።

የቋንቋው ክፍፍል እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ሃሮልድ የተማሩትን ሰዎች ቋንቋ ተውሶ ይናገራል፤ አንዳንዱን ቃል አጣሞ ይጠራዋል። አባቱ በአንድ ባለጌ ቃል ሕልሙን ይቆርጥበታል። ተመልካቹ የሃሮልድን ምኞት ያከብራል፤ ወዲያው በሃሮልድ አስመሳይነት ይሥቃል፤ ደግሞ በአባቱ ክፋት ይቆጣል፤ ወዲያው አባቱ ብቻውን መሞትን የሚፈራ ሽማግሌ መሆኑን ያያል። ማይክ የለም፤ ትክክል የሆነ ሰው የለም። ሰር ሃምፍሪ የለም፤ የሚታየው ሁሉ ከታች ነው። እያንዳንዱ ሙሉ አንደበት አለው፤ በዚያ አንደበት ግን ከግቢው መውጣት አይቻልም። በ1972 በታየ ክፍል ከእስር ያመለጡ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ፣ የስቴፕቶን ቤት በኃይል ይይዛሉ። ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የለም። ምግብ ይጠይቃሉ፤ የለም። ቤቱ ይበርዳል። ያመለጡበት እስር ቤት የተሻለ መሆኑን ይረዳሉ። ሁለቱ ጎልማሶች ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ዓይነት እሮሮ ሲያሰሙ፣ እስረኛው ማን እንደሆነ ለመለየት ተመልካቹ ይቸገራል።

በሁለቱ ላይ የሚቀርበው ከባድ ክስ ስለ ሴቶች ነው። ወደ ግቢው የምትገባ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሃሮልድ የመውጫ በር ሆና ትመጣለች፤ በሩ ሲዘጋም ትረሳለች። ክሱ እውነት ነው፤ ካርላ ሌንና ቪክቶሪያ ዉድ ያስፈለጉትም ለዚህ ነው። ሌላው ክስ ሰውን በድህነት ላይ አሥቀው ያደነዝዛሉ የሚለው ነው። ከጥቅምት 1964 ምርጫ በፊት የሌበር መሪ ሃሮልድ ዊልሰን፣ ደጋፊዎቻቸው በምርጫው ዕለት ስቴፕቶን ለማየት ቤት እንዳይቀሩ ሰግተው ለቢቢሲ አቤት አሉ፤ ትርኢቱም ወደ ሌሊቱ ተገፋ። ፓርቲያቸው በአራት መቀመጫ ብልጫ አሸነፈ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነበር፤ ግን ሰውዬው የፈሩት ሠራተኛው ራሱን በመስተዋት ለማየት እቤት ይቀራል ብለው ነው። ማንም ራሱን ለማየት ያን ያህል የሚጓጓለት ጸሐፊ ስለ መደንዘዝ ሊከሰስ አይችልም።

ስለዚህ ጋልተንና ሲምፕሰን ይበልጣሉ። የሚበልጡትም በዚያች በመጀመሪያዋ ምሽት ነው። በ«ስጦታው» ውስጥ ሃሮልድ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እሄዳለሁ ብሎ የራሱ የሚላቸውን ዕቃዎች በጋሪው ላይ ይጭናል፤ መጽሐፎቹን፣ ለወደፊቱ ቤቱ ያከማቻቸውን አሮጌ ነገሮች። ፈረሱን አባቱ አይሰጠውም። ሃሮልድ እርካቡን ትቶ ራሱ በጋሪው እንጨቶች መካከል ይገባና ይጎትታል። ጋሪው አይነቃነቅም። እንደገና ይጎትታል። ጸሐፊዎቹ በኋላ እንደተናገሩት የቀልድ ባለሙያዎች ሲያለቅሱ ማስመሰልን ለምደው ነበር፤ ኮርቤት ግን የእውነት እንባ አነባ። በጋሪው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ሽማግሌው ይቀርበዋል። አይሰድበውም። ግባ፣ ሻይ አፈላልሃለሁ ብሎ ክንዱን ይዞ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ ጋሪው እንደተጫነ ግቢው ውስጥ ይቀራል።